ጣውንቴ አልነሳም ያለች ጊዜ

ግርሜ፣ የቤቴ አባወራ፤

እንዴት ከርመህልኛል? ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሞላን። ሙት ዓመትህን በደንብ አውጥተናል። ዘመድ ጎረቤቱ መጥቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ አንተን አመስግኖ ሄዷል። አንዳንዱማ «ትዕግሥቱ!» እያለ ሲያነሳህ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ መስሎኝ ዞር ብዬ ፎቶህን አየሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ይቆረጥመኛል እንጂ ምላሴ ያው እንደምታውቀው ነው።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የቦሌውን ቤት አከራየነው። አትቆጣ፤ ለአንዲት ሴት ያ ሁሉ ክፍል ምን ያደርግላታል? ሳስነጥስ ከወዲያኛው ክፍል «ይማርሽ» የሚለኝ ሰው ስጠብቅ ነበር የምውለው። ልጃችን ሳምሪ አያት ኮንዶሚኒየም፣ ከእሷ ሕንፃ ቀጥሎ ቤት ፈለገችልኝና ገባሁ። ጎረቤቶቼ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ውኃው ብቻ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል፤ ልክ እንደ ወንድምህ።

ዕቃው ሁሉ ተጭኖ ሲያልቅ ግቢው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ጣውንቴ። መቼም ማንን እንደምል አይጠፋህም። ያቺ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ከእኔ በፊት የነበረችህ አረንጓዴ የእንግሊዝ ስፖርት መኪናህ። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስህ እየቀዘቀዘ መብራቷን ስትወለውልላት ስንቴ በመስኮት አይቼህ በቅናት ተቃጥያለሁ! ለእኔ አንድ ቀን እንኳ መነጽሬን ጠርገህልኝ አታውቅም።

ተከራዩ ቦታውን ለራሱ መኪና ፈለገው። ጣውንቴ ደግሞ አንተ ካረፍክ ወዲህ ተነስታ አታውቅም። ሳምሪ፣ እማዬ የማይነዳ መኪና ይዘሽ አያት ምን ልታደርጊ ነው አለችና ገዢ አመጣችልኝ። አትላስ አካባቢ ሬስቶራንት የሚከፍት ሰው ነው። ሞተሯን አውጥቶ፣ አፈር ሞልቶ፣ አበባ ተክሎባት በሩ ላይ ሊያቆማት፤ ደንበኛ ፎቶ እንዲነሳባት። ወይ ጉድ! የአንተ ወንበር የአበባ መደብ ሊሆን! ከልጅህ ጋር ተከራክረን ተከራክረን በመጨረሻ ተስማማን፤ እስከ ቅዳሜ ሞተሯ ከተነሳ ከእኔ ጋር አያት ትገባለች፣ ካልተነሳ አትላስ ትሄዳለች። እሺ ያልኩት በእልህ ነው። ማታ ሳስበው ግን ቆጨኝ። አፈር ተሞልታ ካየኋት፣ አንተን ሁለተኛ የቀበርኩህ ያህል ነው የሚሰማኝ።

ከድርን ጠራሁት፤ ላምበረት ጋራዥ ያለውን ወዳጅህን። ሥራውን ጥሎ መጣ። ሸራዋን ስንገልጥ እንባው ቀደመው፤ ወሎዬ አይደል፣ ሆዱ ስስ ነው። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ገባበት። አዲስ ባትሪ አሰረላት፤ ሞተሩ እኸ እኸ እያለ ዞረ እንጂ አልነሳ አለ። ካንዴላዎቹን ፈትቶ ጠረገ፤ እሳት ይሰጣሉ። ሰልባትዮዋ ውስጥ የከረመውን ቤንዚን ደፍቶ አዲስ ሞላላት፤ እምቢ። በመጨረሻ ወደ ካርቡሬተሩ የሚመጣውን ቱቦ ሲነቅለው ጠብታ የለውም። ቤንዚኑን ከኋላ የሚገፋው ፓምፕ ሞቷል አለኝ። ሶማሌ ተራን አገላብጦ ጠየቀ፤ የእሷ ዓይነት ፓምፕ ከየት ይምጣ? የሌላ መኪና አስተካክሎ ለመግጠም ደግሞ ጊዜ ስጡኝ አለ። ጊዜው የት አለና!

አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትስቅብን። ካረፍክ ወዲህ ሁላችንም እሷን እንደ እንቁላል ነው የምንይዛት። ከድር በሯን ሲዘጋ በሁለት እጁ ይዞ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃበት የፈራ ይመስል ቀስ አድርጎ ነው። ሳምሪም እንደዚያው፣ እኔም እንደዚያው። የሟች ዕቃ አይደለች፣ ማን ደፍሮ ያንገላታት።

ቅዳሜ ጠዋት ባለ ሬስቶራንቱ ክሬን አስከትሎ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሽቶው ብቻ ከእሱ ቀድሞ በር ያንኳኳል። ከድር አሁንም ተስፋ አልቆረጠም፤ ቁልፉን ከፍቶ፣ ኮፈኑ ሥር ገብቶ ሽቦ ይነካካል። እኔ ልሰናበታት ብዬ ቦታዬ ላይ፣ ከመሪው ጎን ባለው ወንበር ተቀምጫለሁ። ሰውየው ሜትሩን አውጥቶ የአንተን ወንበር መለካት ጀመረ። «እዚህ ጋ ቀይ አበባ፣ መሪው ላይ ሐረግ» አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ፣ ማዘር፣ እርስዎ የተቀመጡበት ላይ ደግሞ ቁልቋል ያምራል አይለኝም!

ደሜ ፈላ። ዘልዬ ወረድኩና በሩን ባለ በሌለ ኃይሌ ጓ አድርጌ ዘጋሁት። የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ሳምሪ ደነገጠች። ፀጥ ሲል ከኋላ በኩል፣ ከወንበሬ ጀርባ ሥር፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ከድር «ያ ረቢ!» ብሎ ቀና ሲል ኮፈኑ ናላውን አዞረው። ጭንቅላቱን እያሸ ሮጦ ገባና አስነሳ። ጣውንቴ አንዴ ሳለች፣ ሁለቴ ሳለች፣ ከዚያ ጥቁር ጭሷን በሽቶው ሰውዬ ላይ ለቃ ተነሳች! እልል አልኩ። ሳምሪ፣ ያቺ ልትሸጣት የነበረችው፣ ከእኔ ብሳ እልል አለች። ባለ ሬስቶራንቱም እያሳለው አጨበጨበ፤ እውነቱን ልናገር፣ ጨዋ ነው።

ፓምፑ አልሞተም ነበር፤ ተጣብቆ ኖሯል። ያለው ከእኔ ወንበር ኋላ ነው፤ በሩ በኃይል ሲዘጋ ተናውጦ ይላቀቃል። እኛ ደግሞ በክብር እያባበልን አስተኛነው።

ያኔ ነው አንተ ትዝ ያልከኝ። በር ጓ ሲል የማትወድ ሰው! ወንድምህን በዚህ ስንቴ አኩርፈኸዋል። የነፍስ አባታችንን እንኳ «አባ፣ ቀስ» ያልክ ደፋር ነህ። እኔን ግን እሑድ እሑድ ልንወጣ ስንል፣ «አልማዝ፣ ጠንከር አድርገሽ ዝጊው እንጂ! ድገሚው!» ትለኝ ነበር። ንዴቴን እንዳወጣበት የፈቀድክልኝ መስሎኝ፣ ስንት የእናትህን ነገር በዚያ በር ተወጥቻለሁ መሰለህ። ደክሞኛል፣ ቤት ልዋል ስልህም «ያላንቺ እኮ አትነሳም» ትለኛለህ። ቁልምጫ መስሎኝ እየተግደረደርኩ እነሳለሁ። ከዚያ ሸራውን ገልጠን እስከ ለገጣፎ፤ ነጠላዬ ይውለበለባል፣ እኔ ፀጉሬ ተበላሸ እያልኩ እነጫነጫለሁ፣ አንተ ታፏጫለህ። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልነገርኩህም እንጂ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ይህን ለከድር ስነግረው አንድ ነገር አጫወተኝ። ድሮ፣ ጋሼ ይህ ፓምፕ አርጅቷል፣ ፈትቼ ላጽዳው ብሎህ ነበር አሉ። አንተ ምን አልከው? «እሱን እንዳትነካብኝ ከድር፤ እሱ ከተስተካከለ አልማዝን በምን ሰበብ ከቤት አወጣታለሁ?» ከድር ቀልድ መስሎት ስቆ ተወው። እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩም፣ አለቀስኩም። አንተ ተንኮለኛ! ራስህ ዞረህ መጥተህ አንዴ ብታንጓጓው ይበቃ ነበር እኮ። በሩ እንደሁ ማን እንደዘጋው አያውቅ።

አያት ድረስ እኔው ነዳኋት። አዎ፣ እኔ! ከድር ጎኔ ተቀምጦ በሆዱ ዱዓ ያደርጋል። መገናኛ ላይ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቅቄው ዘለለችብኝ፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክሱን አስጮኸብኝ። ሲኤምሲ ስንደርስ ግን አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት ወጥቶ «ማዘር፣ ይመችሽ!» አለኝ። ተመቸኝ። አሁን ከሕንፃው ሥር ቆማለች፤ ጥበቃው ከእኔ ይልቅ ለእሷ ነው ሰላምታ የሚሰጠው።

ከድር ፓምፑን ልጥረገው አለኝ። አትንካው አልኩት።

ሳምሪን ታውቃታለህ፤ ሥራ፣ ስልክ፣ ስብሰባ፣ ደሞ ስልክ። ቅርቧ ሆኜ እንኳ ሳምንቱን ሙሉ በር ላይ ነው የምንገናኘው። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ቤቷ ወጥቼ አንኳኳለሁ። ደክሞኛል እማዬ ትለኛለች። ያላንቺ እኮ አትነሳም እላታለሁ። እየተነጫነጨች ወርዳ ቦታዬ ላይ ትቀመጣለች፤ ጠንከር አድርገሽ ዝጊው፣ ድገሚው እላታለሁ፤ በአለቃዋ የተናደደችውን ሁሉ በሩ ላይ ታወጣና ለገጣፎ እስክንደርስ ስትስቅ፣ ስታወራኝ፣ አንተን ስታነሳ እንሄዳለን። በሕይወት እስካለሁ እሑዴ ያንተ ነው፤ ያንተን ስም ሳናነሳ አያልፍም።

በሩን እኔም ብዘጋው እንደምትነሳ ግን እስካሁን አልነገርኳትም። አደራህን፣ በሕልሟ መጥተህ እንዳታጋልጠኝ።

አልማዝህ