ድስቱ ገና ትኩስ ነው

ጥቅምት 4
ለመጪው ትውልድ ይታወቅ ዘንድ፦ ዛሬ ጠዋት አንዲት ካልሲዬ ከቤታችን ተሰወረች። ሰፊ ፍለጋ ተካሄደ። አሮጊቷ ሚስቴ ሳቋ አመለጣት። "አንተ ሰውዬ፣ ሁለቱንም አንድ እግርህ ላይ ነው እኮ የደረብካቸው!" ጉዳዩ ተዘጋ።

ከዚያ አብረን ወደ ሥራ፣ ወደ ታሪካዊው መናፈሻ። እኔ እንደ ጥንት ዘበኛ የእንጨት ጦሬን ይዤ በር ላይ። "ቁሙ! ከየትኛው ዘመን ነው የመጣችሁት?" እያልኩ ለጉብኝት የመጡትን ልጆች አዘገያለሁ። እሷ እስከዚያ ጥንታዊቷ ጎጆ ገብታ፣ ከፔርሙዟ የፈላ ውሃ ሸክላው ድስት ውስጥ ገልብጣ፣ በጓሮ በር ውልቅ። "ንኩት! ገና ትኩስ ነው! የቤቱ እመቤት አሁን ነው የወጣችው!" ስል... ጩኸት፣ ሩጫ፣ ፍለጋ። የአምስት መቶ ዓመቷን ሴትዮ እስካሁን የያዛት የለም።

ጥቅምት 19
ተያዘች። ትንፋሽ አጥሯት ከበሩ ጀርባ ቁጭ ብላ፣ አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ አገኘቻት። "ያዝኳት! ያዝኳት!"
"በይ ያዝሽኝ፣ የኔ ልጅ። ደከመኝ።"
ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን አሳቀኝ?

ኅዳር 2
ሆስፒታል። ልቧ ነው አሉን።
"ድስቱን ማን ያሞቅልሃል?"
"ሌላ አገባለሁ።"
"ማን አባቷ እሺ ልትልህ!" ሳቀች... ትንሽ።

ኅዳር 6
አረፈች።

ታኅሣሥ 11
ሥራ ገባሁ። ልጄ "አባዬ፣ ትንሽ ብትቆይስ?" ብላኝ ነበር። ቆይቼ ምን ልሠራ? ካልሲዎቼን ዛሬ በትክክል ነው ያደረግኳቸው። ማን ሊስቅ...

ፔርሙዙን ረሳሁት። ትዝ ያለኝ ጎጆዋ በር ላይ፣ ልጆቹ ከኋላዬ እየተጋፉ። አፌ ለምዶ "የቤቱ እመቤት አሁን ነው..." ብሎ እዚያው ቀረ። አንዲት ልጅ ቀድማኝ ገባች። መዳፏን ድስቱ ላይ አሳረፈች። ቀና ብላ አየችኝ።
"ገና ትኩስ ነው፣ አያቴ!"
ሁሉም እየጮኹ ወደ ጓሮ። እኔም ጦሬን ጥዬ ተከተልኳቸው። ከበሩ ጀርባ አየሁ። ከቁጥቋጦው ሥር አየሁ። ልጆቹ ሰልችቷቸው ሲሄዱ እኔ ገና እፈልግ ነበር...

ካልሲው እውነት ነው። ጓሮ ወጥቼ መፈለጌም እውነት ነው። ልጅቷ ግን ትኩስ ነው አላለችም፤ እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት።
"ቀዝቅዟል" ነው ያለችው።