ከቢቸና ሞጣ ሃያ ደቂቃ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአካለ ወልድ፣ አሥመራ።

እንደምን ሰነበትህ? ከሐዘኑ ወዲህስ እንዴት ነህ? እንቅልፍህ ተመለሰልህ ወይ? የአሥመራ ብርድ ያን የልጅነት ሳልህን እንዳይቀሰቅስብህ እሰጋለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ቆመን እንሄዳለን፤ ቤቱ ግን ያለ እናታችን ቤት አልሆነም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «ቢቸናና ሞጣ በአውሮፕላን ሃያ ደቂቃ አይደለም ወይ? ይርጋነሽ እናቷን ሳትቀብር የቀረችው ምን ርቋት ነው? ከእንግዲህ እኅቴ አይደለችም» ብለሃል። እዚህም ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው፤ እኔም ዝም ብዬ ስሰማ ከረምሁ። አሁን ግን እውነቱን ልንገርህ።

እናታችን የጠናባት ማክሰኞ ዕለት የሞጣው ነጋዴ አብዱልዋሂድ በአውሮፕላን ሊመለስ ነበርና ሜዳው ድረስ ሄጄ መልእክት ሰጠሁት። «እናትሽን ጉንፋን ቢጤ ይዟታል፤ ሲመችሽ ብቅ በይ በላት» አልሁት። አስተዋይ ሰው ነውና ፊቴን አይቶ፣ «ወንድሜ ገብረ ኪዳን፣ ከጠናባት ጠንቶባታል ልበላት እንጂ» አለኝ። እኔ ግን ክፉ ወሬ እንዲህ በድንገት አይነገርም፣ ልጅቱ ትደነግጣለች ብዬ ቃል አስገባሁት።

ድሮ እንዲህ ያለው መልእክት አይስትም ነበር። በበቅሎ ሦስት ቀን ተጉዞ የመጣ ሰው «ትንሽ አሟታል» ሲል ሰሚው ወዲያው ስንቁን ይቋጥራል፤ ለጉንፋን ሦስት ቀን የሚጓዝ የለማ! አብዱልዋሂድ ግን ጠዋት እኛን ተሰናብቶ ረፋዱ ላይ ሞጣ ሱቁን ከፍቷል። ይርጋነሽም ለጨው መጥታ የሰማችውን እንደ ቃሉ ተቀበለች። ይህን እኔ ማሰብ ነበረብኝ።

እናታችን ዓርብ ንጋት ላይ ዐረፈች። አውሮፕላን የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ስለሆነ ቀብሩን እስከ ስድስት ሰዓት አቆየነው፤ ካህናቱም ታገሡን። እኔ ሜዳው ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። በሩ ሲከፈት አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ወርዳ ስሜን ጠየቀችና አንድ ቅል ማር ሰጠችኝ። ይርጋነሽ ለእናቷ ጉንፋን የላከችው ነው። «ጤፍ እያጨድን ነው፤ በሚመጣው ዓርብ እመጣለሁ» ብላለች። ማሩን እንደያዝሁ ወደ ቀብሩ ሄድሁ።

መርዶ ተነግሯት ማክሰኞ ስትደርስ አክስታችን ፈንታነሽ በለቀስተኛው መካከል፣ «ሃያ ደቂቃ ራቀሽ?» አለቻት። ይርጋነሽ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። አንዲት ቃል ነበር የምትጠብቀው። እኔ የሰው ዓይን ፈርቼ አቀረቀርሁ። ፈሪ ነኝ ወንድሜ። እርሷም በዓርቡ አውሮፕላን ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብልክባት መልስ የለም።

ስለዚህ አንተ ጻፍላት። እናታችን ሦስቱንም ቀን እርሷን ስትጠራ እንደነበር ንገራት፤ ያስቀራትም እኔ መሆኔን። ራሴ ሄጄ እግሯ ላይ ልወድቅ አስቤ ነበር፤ አውሮፕላኑ ግን ስንት ማክሰኞና ስንት ዓርብ ሲነሣ ከደጄ ቆሜ እያየሁ ቀረሁ።

አባታችን ዓይናቸው ደክሟል፤ «ልጄን ሳሙልኝ» ይሉሃል። ባለቤቴ ሰብለ ወንጌል፣ ልጆቼ ፋንታና አገሬ እንደምን ነህ ይሉሃል። አክስታችን ፈንታነሽም ጤና ይስጥህ ብላለች። ከይርጋነሽ የማደርስህ ሰላምታ የለኝም።

ወንድምህ ገብረ ኪዳን
ቢቸና፣ ጥር ፯ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.