የቫኑን ቁልፍ ከአባቴ እጅ በማኅተም እንድትቀበሉልኝ

ቀን፦ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመንታ ከተሞች ሰሜን ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ዕድር ጽሕፈት ቤት
ለሰብሳቢው ለክቡር አቶ ሙሊሳ ፋዮ
ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ሚኒሶታ

ጉዳዩ፦ አቶ ተካ ጎንፋ የዕድሩን ቫን በበረዶ ላይ እንዳይነዱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው ስለመጠየቅ

ክቡር ሰብሳቢ፣

እኔ አመልካች ሮማን ተካ የዕድሩ አባል ስሆን፣ ፕሊማውዝ በሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ በረዳት ነርስነት እሠራለሁ። አሽከርካሪው አቶ ተካ አባቴ ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምገልጸው በኋላ «ልጃቸው መሆኗን ደብቃ ነው» እንዳይባል ነው። ስለ አባቴ አቤቱታ መጻፍ ከብዶኛል። ስለ እናንተ ስለ ኮሚቴው መጻፍ ግን ብዙም አልከበደኝም።

1. ቅዳሜ ጥር 17 ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ፣ አባቴ ዘጠኝ አረጋውያንን በቫኑ አሳፍረው ወደ ሌክ ስትሪት ይሄዱ ነበር። ሌሊት የጣለው በረዶ ተጠርጓል። አስፋልቱ እርጥብ ብቻ ይመስላል እንጂ ስስ በረዶ ለብሶ ነበር። ቁልቁለቱን ሲጨርሱ ከፊታቸው ያለው መብራት ቀይ ሆነ። ቫኑ አልቆመም። መስቀለኛ መንገዱን ተንሸራትቶ አልፎ፣ ከመንገዱ ዳር የተከመረ በረዶ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ከግራም ከቀኝም መኪና አለመምጣቱ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ወ/ሮ ባየሽ የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል። ከፊት የተቀመጡት እናቴ ደረታቸው ላይ የቀበቶው ሰንበር እስከ ዛሬ አለ።

2. ምክንያቱን ላስረዳ። አባቴ በአሰብ መንገድ ሠላሳ ዓመት ተሳቢ ነድተዋል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የግራ እግራቸው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ፍሪሲዮን መርገጥ። ቫኑ አውቶማቲክ ነው፣ ፍሪሲዮን የለውም። እግሩ ግን ይህን አልሰማም። መብራቱ ቀይ ሲሆን ፍሪሲዮን ፍለጋ ሄዶ ሰፊውን ፍሬን አገኘና እስከ ወለሉ ድረስ ረገጠው። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው መሣሪያ ሥራውን ሲጀምር ፍሬኑ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ አጥብቆ ረግጦ መያዝ ነው እንጂ መልቀቅ አይገባም። እሳቸው ግን ፍሬኑ የተበላሸ መሰላቸውና እንደ ድሮው መኪና ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ አደረጉት። ጋራዡ ፍሬኑን መርምሮ ምንም እንከን የለውም ብሏል። ወረቀቱ በዕድሩ ጸሐፊ እጅ ነው።

3. እሑድ ጥር 25 ቀን በተደረገው ስብሰባ ኮሚቴው ይህን ሁሉ በአሥር ደቂቃ ዘጋው። ቃለ ጉባኤው «በጠላት ቅናት የደረሰ አደጋ» ይላል። ወ/ሮ ባየሽ በጀሶ የታሰረ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲሰሙ ነበር። እኔ ስለ ግራ እግር መናገር ስጀምር ጸሐፊው አቶ ጅሬኛ፣ «ሲስተር ሮማን፣ አይስ ላይ እኮ ማንም ሰው ስሊፕ ያደርጋል። ጋሼ ተካ ጣርማ በርን በተሳቢ የወረዱ ሰው ናቸው፤ አንቺ ድራይቭ ማድረግ ልታስተምሪያቸው ነው?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያም፣ እኔ በአደጋው ዕለት ቁልፉን መደበቄን እያወቁ፣ አቶ ጅሬኛ ተለዋጩን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ለአባቴ አስረከቡ። ሁላችሁም ቆማችሁ አጨበጨባችሁ። መፍትሔ ተብሎ የተወሰነው ከቫኑ ኋላ ሁለት ከረጢት አሸዋ እንዲጫን ነው።

ክቡር ሰብሳቢ፣ በሥራዬ በየቀኑ ትውከት እጠርጋለሁ፤ ከዚያም የባሰ እጠርጋለሁ። አንድም ቀን ቀፎኝ አያውቅም። የእሑዱ ጭብጨባችሁ ግን ቀፈፈኝ። ይሉኝታችሁን አክብሮት ብላችሁ ትጠሩታላችሁ። አንድ ሽማግሌን ላለማስቀየም ዘጠኝ ሽማግሌዎችን በረዶ ላይ መልቀቅ አክብሮት ከሆነ፣ እኔ እንዲህ ያለውን አክብሮት አልፈልግም።

4. ለአቶ ጅሬኛ ጥያቄ በጽሑፍ መልስ እሰጣለሁ። አዎ፣ አስተምራለሁ። አሥራ አንድ ክረምት ከኮሎምቢያ ሃይትስ ፕሊማውዝ በየንጋቱ ነድቻለሁ። በአውቶማቲክ መኪና የሚሠራው ቀኝ እግር ብቻ ነው፤ ግራው ዳር ተቀምጦ ይረፍ። ቁልቁለት ሲመጣ ወደ ዝቅተኛው ማርሽ ማውረድ፣ ከፊት ካለው መኪና በጣም መራቅ፣ ነዳጅም ፍሬንም ቀስ ብሎ መንካት፣ ከመነሳት በፊት ለዓይን የምትበቃ ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን በረዶውን ከመስታወቱ ሁሉ መጥረግ ነው። ይህን ለማወቅ ጀግንነት አያስፈልግም። ባለፈው ዓመት አባቴን ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ላለማምዳቸው ቫኑን ለሁለት ሰዓት ብጠይቅ፣ ኮሚቴው «ለጨዋታ አንሰጥም» ብሎ መልሶኛል። ያ ደብዳቤ አሁንም በእጄ አለ።

5. አሁን ደግሞ ያልሰማችሁትን ላሰማችሁ። ቁልፉን ሲቀበሉ አባቴ ሊናገሩ ነበር። «ይሄ እግሬ» ብለው ጀመሩ። ሊያመሰግኑ መስሏችሁ ጭብጨባውን አበረታችሁት። እሳቸውም ቁልፉን ይዘው ተቀመጡ።

ወደ ቤት የነዳሁት እኔ ነኝ። አባቴ በቀኜ ተቀምጠው፣ መብራት ቀይ በሆነ ቁጥር ግራ እግራቸው የመኪናዬን ምንጣፍ ሲረግጥ አየሁ። ማየቴን እሳቸውም አዩ። «ግራ እግሬ ነው ሮሚ። እኔ አላዘዝኩትም፣ ራሱ ነው የሚሄደው» አሉኝ። ታዲያ ቁልፉን ይመልሱላቸው አልኳቸው። «ሰው ቆሞ እያጨበጨበልኝ ቁልፍ ወርውሬ ልውረድ? ደብዳቤ ይጻፉልኝና እወርዳለሁ። ማኅተም ያለው» አሉ። አባቴ ሲቀጠሩም ሲዛወሩም ጡረታ ሲወጡም በማኅተም ነው። በአፍ የተነገረ ነገር ለእሳቸው ወሬ ነው። ይህ ለእናንተ ያስቃችሁ ይሆናል። እኔን አያስቀኝም፤ የእናቴ ደኅንነት የተንጠለጠለው እናንተ መሳቢያ ውስጥ በተኛው ማኅተም ላይ ነውና።

6. የፊታችን ቅዳሜ፣ የካቲት 1 ቀን፣ ቫኑ አሥራ አንድ አረጋውያንን ይዞ ይወጣል። እናቴ እንደ ልማዳቸው ከፊት ይቀመጣሉ። ስለዚህ እስከ ዓርብ ድረስ አባቴን ከአሽከርካሪነት የሚያሰናብት ደብዳቤ ተጽፎ፣ ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት እንዲሰጣቸው፣ ተለዋጩም ቁልፍ ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንዲመለስ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሌላ ሰው እስኪገኝ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እነዳለሁ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ጠላትም ቅናትም አይግባበት። ውዳሴም አትጨምሩበት፤ ጭብጨባ ጠግበዋል።

ቫኑ ውስጥ ለሚቀመጡት አረጋውያን ከከበረ ሰላምታ ጋር፣

ሮማን ተካ ጎንፋ
(ፊርማ)
የአባልነት ቁጥር 118

ግልባጭ፦
ለአቶ ተካ ጎንፋ፣ የቫኑ አሽከርካሪ

(ከግልባጩ ግርጌ በአሽከርካሪው እጅ የተጻፈ)
አንብቤዋለሁ። ልክ ነው። ማኅተሙ በደንብ ይታይ።
ተካ ጎንፋ