ብልሽቱን ያወቁት ወይዘሮ ዓይናዲስ ወልደ ገብርኤል

ወይዘሮ ዓይናዲስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ገብርኤል አንዱዓለምና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበቡ ምስጋናው በጃናሞራ ወረዳ፣ መካነ ብርሃን ኅዳር 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ጎንደር ከተማ ከተማሩ በኋላ በመኪና ኤሌክትሪክ ሙያ ሠልጥነው በ1989 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ተቀጠሩ። በ1994 ዓ.ም. ከአቶ ህሩይ ቢያዝን ጋር ጋብቻ መሥርተው ፅዮንንና አስናቀውን ወለዱ። በ2003 ዓ.ም. ጎንደር አራዳ ላይ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ።

እስከዚህ ያለውን ማንም ሊጽፈው ይችል ነበር። የቀረውን እኔ ታናሽ እህታቸው ጽጌሬዳ ጽፌዋለሁ፤ የማይወደው ሰው ጆሮውን ይድፈን።

ሌላው መካኒክ ሞተር ሲያስቸግረው ዕቃ ይቀይራል። እሳቸው መጀመሪያ ይለካሉ። በ2010 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማችን አቶ መልካሙ ከጎንደር ኮላ ድባ የሚያመላልሱት አሮጌ ሚኒባስ ሲሞቅ እየጠፋ አስቸገረ። ሁለት ጋራዦች የነዳጅ ፓምፑን ቀየሩ፣ ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች አጠቡ፤ ለውጥ አልነበረም። እህቴ ሞተሩን አስነስተው እስኪሞቅ ጠበቁ። ሲጠፋ የነዳጁን ግፊት ለኩ፤ ደህና ነው። ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ለኩ፤ ተቋርጧል። ገመዱን በጣታቸው እየተከተሉ ሄደው ከጭስ ማውጫው ጋር ሲነካካ ልባሱ ቀልጦ ሽቦው የተራቆተበትን ቦታ አገኙ፤ ነዳጁ የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ ከአጠገቡ ነበር።

“ይህ ሳይቀየር እንዳታንቀሳቅሰው፤ እሳት ይይዘዋል” አሏቸው።

“ዛሬ ገበያ ነው። ሴት ማኪና ከነካች ወሬዋ ይኸው ነው” ብለው አቶ መልካሙ ቁልፉን ነጠቁ። እህቴ እንደ ልማዳቸው ወረቀት አቀረቡ፤ አቶ መልካሙም ሳይጠገን በፈቃዳቸው እንደወሰዱት ፈረሙ።

ሚኒባሱ ኮላ ድባ ሳይደርስ ነደደ። ተሳፋሪው በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። አቶ መልካሙ ግን ሽማግሌ ፊት ቀርበው “እሷ የነካካችው ሽቦ ነው ያቃጠለኝ” አሉ። እህቴ ወረቀቱን ይዘው ሊሄዱ ሲሉ በር ላይ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። “እናታችን ደም ግፊት አለባት፤ ልጇ ሐሰተኛ ሲባል ብትሰማ ትሞታለች” አልኳቸው። ተመለሱ። በዚያው ዓመት ደንበኛ ጠፋ፣ ጋራዡ ተዘጋ።

ዛሬ ነጠላ አዘቅዝቃችሁ እዚህ የቆማችሁ የጋራዥ ባለቤቶች፣ ያልገባችሁ መኪና ሲገጥማችሁ በጓሮ በር ትጠሯቸው ነበር። ብልሽቱን ያገኛሉ፤ ደንበኛው ሲመጣ “እኛ ሠራነው” ትላላችሁ። አንዳችሁም ሽማግሌ ፊት ቆማችሁ “ይህች ሴት ሥራዋን ታውቃለች” አላላችሁም።

ወይዘሮ ዓይናዲስ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። እናታችን ካረፉ በኋላ፣ ባለፈው ታኅሣሥ፣ አቶ መልካሙ ብርቱካን ይዘው ሆስፒታል መጡ።

“ምነው አያ መልካሙ፣ እውነቱን ለሽማግሎቹ ያልነገርካቸው?” ብለው ጠየቁ።

“ያለፈ ነገር ምን ያደርጋል?”

“ያለፈው በእኔ ላይ ነው” አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ አላናገሯቸውም።

ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ እህትና አንድ ወንድም ትተዋል።

የንስሐ አባታችን “ሁሉን ይቅር ብለው ዐረፉ” ብዬ እንድጨርስ መክረውኛል። በቁማቸው የተዋሸባቸው ይበቃል፤ በሬሳቸው ላይ አልዋሽም። እሳቸው ይቅር አላሉም፤ እኔም ለራሴ ጭምር ገና አላልኩም። ምሕረት የባሕርዩ የሆነ አምላክ ግን እኛ ያቃተንን እሱ ፈጽሞ፣ የእህቴን የዓይናዲስን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። አሜን።