የቲማቲሙን ላስቲክ አልሰጥም

ኮልፌ፣ ጥቅምት 2 ቀን 1976 ዓ.ም.። ጠዋት ፀሐይ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ያልታሰበ ዝናብ መጣ። ሌላው ሰው ተዝካርህን ቀምሶ ከሄደ በኋላ ቤት የቀረነው እኔ፣ ታናሽ ወንድምህ ግርማ፣ ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽና የነፍስ አባታችን ነበርን።

ተሾመ ባሌ፣

ከተለየኸኝ ዛሬ አርባ ቀንህ ነው። ሰው ለሞተበት ሲጽፍ ናፍቆቱን ያስቀድማል። እኔ ቁጣዬን አስቀድማለሁ፤ ናፍቆቱ ካለ ኋላ ይደርሳል።

ግርማ ጠላውን አስቀምጦ፣ «እቴ፣ ነገ ጠዋት ጋሪ ይዤ እመጣለሁ። የቲማቲሙን ቤት አጣናውንም ላስቲኩንም ወደ ዘነበወርቅ እወስደዋለሁ» አለኝ። ምን አግብቶህ ብዬ ሳልጨርስ፣ «ወንድሜ ተናዞልኛል» አለ። አባን አየኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው «እውነት ነው ልጄ፣ ሲናዘዝ ሰምቻለሁ» አሉኝ።

አንተ ያመጣኸው ከመሥሪያ ቤትህ የተጣለ ቅዳጅ ላስቲክ ነው፤ እሱን አልክድም። የጣፍኩት እኔ ነኝ። አጣናውን ያቆምነው ሁለታችን ነን። ነፋሱ ላስቲኩን ሲነጥቀን አንተ በአንዱ ጫፍ እኔ በሌላው ተንጠልጥለን፣ ሳቅ ገድሎን ጭቃው ላይ ተቀመጥን። ያን ቀን እወድህ ነበር። ዋሸች እንዳትለኝ ይህንንም ጽፌዋለሁ።

የቀረው ግን የእኔ ነው። ከሱቅ በርበሬ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እያቃናሁ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ውሃው ቅጠሉን ሳይነካ ሥሩ ላይ መፍሰስ እንዳለበት፣ ላስቲኩ ጠዋት ካልተገለጠ እንፋሎቱ በሽታ እንደሚያመጣ፣ ንብ ስለማይገባ አበባው በእጅ መነቅነቅ እንዳለበት ከዚያ ተማርኩ። ተባይና በሽታ እንዲርቅ በመሃል በሶብላ፣ ዳር ዳሩን ነጭ ሽንኩርት፣ በሩ ላይ ጤና አዳም ተከልኩ። ከቲማቲም ጋር ፈጽሞ የማይተከለው ምን እንደሆነ የሚናገረው ላይ ስደርስ ወረቀቱ ተቀዷል።

እሱን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ክርስትና ተጠርቼ ውዬ ስመለስ በሶብላዬን ነቅለህ ድንች ተክለህ ጠበቅኸኝ። «ሽታ አይበላም» አልከኝ። የድንቹ ቅጠል ጠቆረ፤ ከድንቹ ወደ ቲማቲሙ ተሻገረ። ያን ዓመት አንድ ፍሬ ሳንቀምስ ሁሉንም ነቅዬ አቃጠልኩ። ያኔ «የእኔ» አላልክም። በተከታዩ ዓመት ቲማቲሙ ሲያፈራ ግን እንግዳ እጁን ይዘህ እያስገባህ፣ «የእኔን ቲማቲም እይልኝ» ትል ነበር። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬን ስምምነት አድርገህ ወሰድከው።

ለቅሶህንም ልንገርህ፤ አላየኸውምና። የዕድሩ ድንኳን ያፈስ ነበር። ግርማ ማንንም ሳይጠይቅ ላስቲኩን ገፎ ድንኳኑ ላይ ጣለው። ልነሳ ስል ሴቶቹ ያዙኝ። ሐዘንተኛ በሦስቱ ቀን እጇን አፈር አታስነካም አሉ። በራሴ ላስቲክ ሥር ተቀምጬ ቲማቲሞቼ በነሐሴ ዝናብ ሲደበደቡ አየሁ። ጮኼ አለቀስኩ። «ወይኔ፣ እንዴት ትወደው ነበር!» አሉ። ለአንተ አልነበረም።

ድንኳኑ ሲፈርስ ላስቲኩን ራሴ መለስኩት። ጥቁሬን እንደለበስኩ የተሰበረውን ቆረጥኩ፤ የጠቆረውን ቅጠል ለቅሜ ከግቢ አወጣሁ፤ የቆመውን በጨርቅ ቁራጭ አሰርኩ። ሰው አየኝ፤ ተናገረም። ግማሹ ተርፎ አሁን አበባ ይዟል። በዚህ ብርድ ላስቲኩ ከተነሳ አንዱም አይተርፍም። ሌላ የምኖርበት ሥራ እንደሌለኝ ታውቃለህ። በታመምክ ጊዜ የበላነው ጦር ኃይሎች ሰፈር ወስጄ የሸጥኩትን ቲማቲም ነው። ያን እየበላህ ነው ለወንድምህ የተናዘዝከው።

ዛሬ እትዬ ብዙነሽ፣ «አንተ ግርማ፣ የወንድምህ ጠላ ከጉሮሮህ ሳይወርድ ቲማቲም አማረህ?» አሉት። አባ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ግርማ አልሳቀም። «ኑዛዜ ነው። ከከለከለችኝ ነፍሱ አታርፍም። ደግሞም ቀበሌ አለ» ብሎ ተነሳ።

ነፍስህ ካላረፈች እዚያው ላለህበት ጌታ አቤት በል፤ እኔን በዚህ አታስፈራራኝ። ኑዛዜህን አልፈጽምም። ጸሎትህን አላስታጉልም፤ ሙት ዓመትህንም አወጣለሁ። ትረሳኛለች ብለህ ደግሞ አትስጋ። ጭቃው ላይ የሳቅኸውንም፣ በሶብላዬን የነቀልከውንም፣ ለአባ የነገርካቸውንም አስታውሳለሁ። አንዱን ስለ ሌላው ብዬ አልፍቅም።

ጥቅምት 3፣ ጠዋት። ሰማዩ ጠርቷል፤ ብርድ ነው። የላስቲኩን የፀሐይ መውጫ ጎን ገለጥኩ። መሬት የነካውን ቅጠል ቆረጥኩ። ሥር ሥሩን በጣሳ አጠጣሁ። አበባውን በቀጭን እንጨት ነካ ነካ እያደረግሁ ሳለ ግርማ ከባለ ጋሪው ጋር መጣ። «እቴ፣ ውጪልን፤ ሥራ አለብን» አለ። «እኔም ሥራ ላይ ነኝ። አልሰጥህም» አልኩት። ባለ ጋሪው እኔንም እሱንም አየና በቅሎዋን መለሳት። ግርማ አጣናውን ያዘ፤ አልነቀነቀውም። «እንግዲያው ቀበሌ እንገናኝ» ብሎ ጋሪው ላይ ወጣ። የቀሩትን አበቦች ነካክቼ ጨረስኩ። እጄን ታጠብኩ፤ ነጠላዬን ደረብኩ። ጋሪው በዋናው መንገድ ሲዞር እኔ በአቋራጩ ሄጄ ቀበሌ በር ላይ ቀድሜው ተሰለፍኩ።