መብራት ሲመጣ የሚጮኸው ማሽን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3፣ ጊንጪ

መብራት ጠዋት ሄደ። እንደ ልማዳችን የመጋዙን ማሽን ሳናጠፋ ደጅ ወጥተን ፀሐይ እንሞቃለን። መብራት ሲመጣ ራሱ ጮኾ ይጠራናል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው እንኳ የሚጠብቀው እሱን ነው።

እጮኛዬ ገመቹ ግን ባለፈው ወር አንድ ቀን ፀሐይ አልሞቀም። መብራት የለም ብሎ የመጋዙን ብናኝ ይጠርግ ነበር። መብራት መጥቶ ማሽኑ ጮኸበት። ሁለት ጣቱን ወሰደበት። አሁን ጎጆ ከተማ፣ እናቱ ዘንድ ነው።

የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት ኦቦ ቶሎሳ ግድግዳው ላይ «ጥንቃቄ አይለያችሁ» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ማሽኑ ዛሬም አይጠፋም።

ቫርኒሽ እየቀባሁ፣ ገመቹ ሲሠራ የሚያፏጨውን ፉጨት እጠብቃለሁ። ሞኝ ነኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5፣ 9 ሰዓት

ደወለ! «አካም ጂርታ፣ ጫልቱ?» ብሎ ደህንነቴን ጠየቀኝ። ደስታዬ! የጎጆ ብርድ ቁስሉን እንደሚጠዘጥዘው ነገረኝ። ትመለሳለህ ወይ ልል አፌን ስከፍት መብራት መጣ። ማሽኑ አጓራ። ገመቹ ጩኸቱን ሰማ። ከዚያ ዘጋው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

አያነሳም። ስንት ጊዜ ሞከርኩ።

ሀገር ምድሩ መብራት እንዲመጣ ይለምናል፤ እኔ እንዳይመጣ። ናፈቀኝ፣ ማስታወሻዬ። ፀጉሩ ላይ የሚቀመጠው የእንጨት ዱቄት ሳይቀር ናፈቀኝ።

ለኦቦ ቶሎሳ ነገርኳቸው፤ መብራት ሲሄድ ማሽኑ ይጥፋ። ታዲያ መምጣቱን ማን ይነግረናል አሉ፤ ሥራ ሊፈታ ነው አሉ። ተናደድኩ። እንግዲያውስ ቀቢ ፈልጉ አልኳቸው። 

ዓርብ፣ ኅዳር 13

የአባቴን አሮጌ ሬዲዮ አመጣሁ። ባትሪ ድንጋዩን አውጥቼ ሶኬት ላይ ሰካሁት፣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፈትኩት። መብራት ሲሄድ ማሽኑን በገዛ እጄ አጠፋሁ። ኦቦ ቶሎሳ አጉረመረሙ እንጂ አልከለከሉኝም።

ከሰዓት ስደውልለት በስንት ሙከራ አነሳ። ምን ብዬ ልጀምር ስል ሬዲዮው በዘፈን ፈነዳ። ልብስ ሰፊው ከወዲያ «መጣ!» ብሎ ጮኸ።

ገመቹ፣ መብራት መጥቷል አልኩት። ማሽኑስ አለኝ። ጠፍቷል አልኩት።

ስልኩን አልዘጋውም። ቀስ ብሎ፣ ዘፈኑን ተከትሎ ማፏጨት ጀመረ።

ነገ በመጀመሪያው መኪና ጎጆ እሄዳለሁ።