ዊዳድ በወረቀቱ ጀርባ የሠራችው ሒሳብ

ይድረስ ለምወድዎ ለአባቴ፤ ባቲ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አባባ፣ እንዴት ከረሙ? ወገብዎ ብርዱን እንዴት ቻለው? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ኪኒን ሳያቋርጡ ይወስዳሉ ወይስ እንደ አምናው ግማሹ ትራስ ሥር ነው? እማማስ ጉልበቷ ደረጃ ያስወጣታል? ላሟ ወልዳለች ብሎ ወንድሜ ካሚል ነግሮኝ ነበር፤ ጥጃው አደገ ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ አካሌ ደህና ነው። ሰመራም በታኅሣሥ ለሰው ታዝናለች፤ ጠዋት ጠዋት ነጠላ ያስደርባል።

ስልክ ያልደወልኩት ጆሮዎ በስልክ እንደማይሰማ ስለማውቅ ነው። ካሚል በመሀል ሆኖ እየጮኸ ሲያስተላልፍልዎ ደግሞ ነገሩ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ይህ ተቆራርሶ የሚነገር ነገር አይደለም። ስለዚህ ጻፍኩት፤ ነገ በሚወጣው ሚኒባስ እልከዋለሁ። መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት። ሠላሳ ዓመት በዚህ መንገድ መሪ የጨበጡ ሰው ስለሆኑ ከማንም በላይ ይገባዎታል። እኔ ግን ድንጋጤው እስካሁን ከላዬ አልወረደም።

ከአዋሽ ወደ ሰመራ ከተዛወርኩ አራት ወር ሊሞላኝ ነው። ዘጠነኛ ክፍል አልጄብራ አስተምራለሁ። እዚህ ያሉት ልጆች ብዙዎቹ የሹፌር፣ የጉምሩክ ሠራተኛና የባለሱቅ ልጆች ስለሆኑ፣ ከኩዊዝ በፊት ለክለሳ የምናደርገውን ጨዋታ «ኬላ» ብለን ሰይመነዋል። ሁለት ዴስክ በሩ አጠገብ እናቆማለን፤ አንድ ተማሪ ፈታሽ ይሆናል። ሌሎቹ በካርቶን ቁራጭ ላይ የጻፍኩትን እኩልታ ፈትተው ይመጣሉ፤ መልሱ ትክክል ከሆነ ያልፋሉ፣ ካልሆነ «ጭነትህን አራግፍ» ተብለው ይመለሳሉ። ቢያዩአቸው በሳቅ ይሞታሉ። መልስ በካልሲው ደብቆ ሊያሳልፍ የሚሞክርም አለ።

ከሁሉም የሚፈሯት ፈታሽ ዊዳድ የምትባል ልጅ ነች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዝምተኛ ነች፤ እናቷ ሱልጣና በባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አላት፣ የእኛው አገር የወሎ ሰው ነች። ዊዳድ በኩዊዝ ከአሥር ዘጠኝ በታች አምጥታ አታውቅም። አባት እንደሌላት አውቅ ነበር፤ እንዴት እንደሞተ ግን አልጠየቅሁም። አለመጠየቄ ነው እንግዲህ ጉድ ያመጣብኝ።

ከአሥር ቀን በፊት፣ አርብ ዕለት፣ አምስት ጥያቄ ያለው ኩዊዝ ሰጠሁ። አራተኛው ጥያቄ አዋሽ ሳለሁ ልጆቹ የወደዱት ነው፤ የቦታውን ስም ብቻ ለውጬ አመጣሁት። አንድ ከባድ መኪና በሰዓት ስልሳ ኪሎሜትር እየነዳ ከጅቡቲ ድንበር፣ ከገላፊ፣ ወደ ሰመራ ይነሣል፤ ሌላው በዚያው ሰዓት ከሰመራ ወደ ገላፊ በአርባ ይነሣል፤ ርቀቱን መቶ ሃያ ብንለው ከስንት ጊዜ በኋላ ይገናኛሉ? ይኸው ነው። አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ብሎ መመለስ ነው።

ቅዳሜ ሳርም የዊዳድ ወረቀት ላይ አራተኛው ጥያቄ ባዶ ነበር። ገልብጬ ሳይ በጀርባው ሌላ ሒሳብ ሠርታለች። የእሷ መኪና ከገላፊ የተነሣው አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። ከሰመራ የመጣው በአሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቶ በአርባ አምስት ይነዳል። የተገናኙት አሥራ አንድ ከአርባ ላይ ነው። የጠየቀችው የፊተኛውን ፍጥነት ነው፤ አሰላችና ኤክስ እኩል ይሆናል ዘጠና ብላ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «ቲቸር፣ ተሳስቻለሁ? እባክዎ ይዩልኝ» ብላ ጽፋለች። እኔ ሃምሳ ስድስት ወረቀት ተቆልሎብኝ ነበር። የራሷን ጥያቄ ፈጥራ ስትጫወት የእኔን ትታዋለች ብዬ ተናደድኩና በቀይ እስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር ኤክስ አድርጌበት አለፍኩ።

ሰኞ ወረቀቱን መለስኩ። ክፍሉ ሲበተን ዊዳድ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ይዛ መጣች። ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ «ቲቸር፣ ስህተት ነው ማለት ነው?» አለችኝ። እኔ የማስበው ባዶ የተወችውን ጥያቄ ነው። «አዎ፣ ስህተት ነው» አልኳት። በሻሿ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች፤ ከዚያ እጄን ስማ እየሮጠች ሄደች። ዜሮ አግኝቶ በደስታ የሚያለቅስ ተማሪ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

በማግስቱ መምህራን ክፍል ተቀምጠን ይህን እንደ ቀልድ ለፍቅረሰላም አወራሁለት። ፍቅረሰላም ፊዚክስ ያስተምራል፤ ሰመራ ስድስት ዓመት ኖሯል፤ የማያውቀው ቤት የለም። ሰዓቶቹንና ዘጠናዋን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። የያዘውን ጠመኔ አስቀምጦ፣ የዊዳድ አባት መሀመድአሚን የከባድ መኪና ሹፌር እንደነበረ፣ ባለፈው ረመዷን ከገላፊ ሲመጣ ከሰመራ ከወጣ መኪና ጋር ተጋጭቶ እንደሞተ ነገረኝ። የሌላኛው መኪና ሹፌር አትክልት የሚባል ሰው ነው፤ እግሩ ተሰብሮ ተረፈ። የፈጠነው ሟቹ ነው ተባለ፤ ሱልጣና ግን ባሌ ፈጥኖ አያውቅም፣ የገደለው አትክልት ነው ብላ ዓመት ሊሞላ እስኪቃረብ አልታረቅም አለች። ሽማግሌዎች ለምነው ለምነው ለእሑድ እሺ አሰኝተዋት ነበር። ፍቅረሰላም ቀጠለና «ዛሬ ጠዋት እርቁን ትቼዋለሁ ብላለች። ልጄ በሒሳብ ሠርታ መምህሯ አረጋግጣላታለች፣ ባሌ አልፈጠነም እያለች ነው» አለኝ።

አባባ፣ ሒሳቡን ደግሜ በልቤ አሰላሁት። አትክልት በአርባ ደቂቃ ሠላሳ ኪሎሜትር ሄዷል። ከመቶ ሃያው የቀረውን ዘጠና ኪሎሜትር መሀመድአሚን በአንድ ሰዓት ነድቶታል። ተሳቢ የሚጎትት፣ እስከ አፉ የተጫነ መኪና፣ በዚያ መንገድ፣ በአማካይ ዘጠና! ልጅቱ ቅንጣት አልተሳሳተችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ በእኔ ቀይ ኤክስ የተነሣ አንድ ያልበደለ ሰው በሐሰት ሊወነጀል ነው። ልተወው ብል ደግሞ ልጅቷ ደስ ብሏት ትኖራለች። እውነቱን ለመናገር ይህም ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሄድኩ። ሱልጣና ስታየኝ ከባንኮኒው ወጥታ አቀፈችኝ፤ ወንበር ጠረገችልኝ፤ ቀዝቃዛ የማንጎ ጭማቂ ከፍታ እጄ ላይ አኖረችልኝ። ባሏን ከመቃብር በላይ ነፃ ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ እየነገረች ትመርቀኛለች። ዊዳድ በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች። ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ጭማቂውን ሳልቀምስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። እንደምንም ብዬ፣ ሒሳቡ ስህተት እንደሌለበት፣ ኤክስ ያደረግሁት በደንብ ሳላነብ እንደሆነ ነገርኳቸው። የሱልጣና ዓይን ከእኔ ላይ አልተነሣም። ዕቃ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁለት ጊዜ ቢጣራ አልሰማችውም።

ዊዳድ የብስኩት ካርቶን ቀድዳ እስክሪብቶ ሰጠችኝ፤ መልሳ ተቀበለችኝና ራሷ ሠራችው። አሥር ከአርባ አባቷ ከገላፊ ሲነሣ የደወለበት ነው። አሥራ አንድ ከአርባ ፖሊስ የመዘገበው ነው። የአትክልትን መነሻ ሰዓትና ፍጥነት ከሽማግሌዎቹ ወሬ ሰምታለች። አንድ በአንድ ለእናቷ እያስረዳች ጻፈች፤ ዘጠና ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን ሌላ ሒሳብ ጀመረች፤ በስልሳ ቢመጣ ኖሮስ? ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል፤ አሥራ ሁለት ከአርባ ይገባ ነበር። «አዛን ካለ ሩብ ሰዓት ቢሆነው ነው» አለች። ቀጥላም፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «ለማፍጠሪያ ድረስልን ያልኩት እኔ ነኝ» አለች።

ለካስ ያን ዕለት ሲደውል ስልኩን ያነሣችው እሷ ነች። ሳምቡሳውን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ጠብሳ፣ ሳይቀዘቅዝ እንዲቀምስላት ፈልጋ ነበር። ይህን ለማንም ሳትነግር ዘጠኝ ወር ይዛው ኖራለች። ኩዊዙ ላይ የእኔን መኪኖች ስታይ ነው መጠየቂያ ያገኘችው፤ ያም የእኔ ቀይ ኤክስ ሸክሙን ያወረደላት መስሏት ነበር ያለቀሰችው።

ሱልጣና ባንኮኒውን ዞራ መጣችና ካርቶኑን ከእጇ ወሰደች። «መሪውን የያዘው እሱ ነው። አንቺ ልጅ ነሽ፤ ልጅ አባቷን ና ትላለች» አለቻት። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ፤ እኔም አልቀረሁም። ስንረጋጋ አንድ ነገር ጨመርኩላቸው። ይህ ሒሳብ መሀመድአሚን መንገዱን በአማካይ በምን ፍጥነት እንደመጣ ይነግረናል እንጂ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ምን እንዳደረገ አይነግረንም አልኳቸው። ዊዳድ ያንን ማን እንደሚያውቅ ጠየቀችኝ። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ነገርኳት።

እሑድ፣ ማለት ትናንት፣ እርቁ በአንድ ሽማግሌ ግቢ ሆነ። ዊዳድ ካልመጡ አልሄድም ስላለችኝ አብሬያቸው ሄድኩ። አትክልት ቀድሞ መጥቶ ምርኩዙን ከጎኑ አስደግፎ ከሰው ሁሉ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ጎልማሳ ነው፤ ቀና ብሎ አያይም። ሽማግሌው ገና ዱዓ አድርገው ሳይጨርሱ ሱልጣና ተነሣች። ባሏ ይፈጥን እንደነበረ፣ ልጇ እንዳሰላችው በሁሉም ፊት ተናገረች። ወደ አትክልት ዞራም «በሐሰት ስከስህ ኖሬያለሁ፤ አፉ በለኝ» አለችው። ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ተናወጠ።

ዊዳድ ተነሥታ ፊቱ ሄዳ ቆመች። አባቷ በመጨረሻ ምን እንዳደረገ ጠየቀችው። አትክልት ቀና ብሎ አያት። ጠመዝማዛው ላይ ድንገት እንደተገናኙ፣ መንገዱ ለሁለቱ እንዳልበቃ፣ እሱ ፍሬን ይዞ ዓይኑን እንደጨፈነ ተናገረ። ከዚያ እንዲህ አላት፦ «አባትሽ መሪውን ከእኔ መለሰው። ወደ ድንጋዩ፣ በራሱ ወገን። የነካኝ ተሳቢው ነው። ቀጥ ብሎ ቢመጣብኝ ኖሮ ዛሬ አታገኚኝም ነበር። ለፖሊስ ተናግሬያለሁ፤ እናንተ ደጅ ግን ሦስት ጊዜ መጥቼ የሚያስገባኝ አጣሁ።»

አባባ፣ ሱልጣና መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ ቦርድ ላይ ስንት እኩልታ እንደጻፍኩ ቁጥሩን አላህ ያውቀዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር ከኋላው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ምግብ ሲቀርብ የሽማግሌው ልጅ ሊያስታጥብ ማንቆርቆሪያውን አነሣ። ዊዳድ ተቀበለችው። ሽማግሌዎቹን ሁሉ አልፋ በመጀመሪያ አትክልት ዘንድ ሄደች፤ ዝቅ ብላ ውኃውን ቀስ አድርጋ እጁ ላይ አፈሰሰችለት። እሱ እጁን ታጥቦ ከጨረሰም በኋላ ዘርግቶት ቀረ፤ እሷም ማፍሰሷን አላቆመችም።

ትናንት ከዚያ ከተመለስኩ ጀምሮ የማስበው እርስዎን ነው። በዚህ መንገድ ስንት ረመዷን ነዱ? ልጅ ሳለሁ ዘግይተው ሲገቡ አኩርፌ ጀርባዬን ሰጥቼዎ የተኛሁባቸው ቀኖች ትዝ አሉኝ። አንድም ቀን ለምን እንደዘገዩ አልጠየቅሁዎትም። ዘግይተው ስለገቡልን አላህ ይስጥልኝ። ያን ማኩረፌን ሁሉ አፉ ይበሉኝ።

እማማን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ ዘይቱን ከሰው ጋር ልኬላታለሁ፣ ማታ ማታ ትታሽበት። ካሚልን ሰላም ይበሉልኝ፤ ሞተር ሳይክሉን ሲነዳ ይህን ደብዳቤ ያስታውስ፣ ከእኔ የተላከ ትእዛዝ ነው። ሚስቱ ሃፍሳን በሰላም ትገላገል ዘንድ ዱዓ እያደረግሁላት ነው። ትንሹ ሱሩር የማባዛት ሠንጠረዡን እስከ ስምንት ድረስ ሸምድዶ ይጠብቀኝ። ጎረቤታችንን እትዬ ውባየሁን እንዳይረሱብኝ። እርስዎም ለመሀመድአሚን ፋቲሓ ይቅሩለት፤ የመንገድ ባልደረባዎ ነበር።

ልጅዎ ሙጂባ

ሰመራ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.